ግጥሟ የማን ናት?

ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ወደ ካናዳ ሊሄድ ሆነና ለመሸኛ ብለን አዝማሪ ቤት ገባን። አለቃችንም መጡ። አይመጡም ብለን ነበር፤ መጡ። መሀል ላይ ያለውን ጥሩውን መቀመጫ ለቀቅንላቸውና እኛ ግድግዳውን ተደግፈን ተደረደርን።

ጠጁ ሁለት ዙር ከተቀዳ በኋላ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ወደኛ መጣ። ከሲታ፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው ነው። ወጉ የታወቀ ነው፤ እንግዳው «ተቀበል» ይልና ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። እኔ ግን «ተቀበል» ብዬ ለመጮህ ወኔው አልነበረኝም። ጠጁ ይሁን ሰይጣን እንጃ፣ አጠገቤ ሲደርስ ጎንበስ አልኩና በጆሮው ሹክ አልኩት፦

እንደ ጌታው ያለ ከየት ይገኛል ሰው፣
ደጅ የጠናውን ሁሉ ቀጠረው ቀጠረው።

ሰሙ ምስጋና ነው፤ ሥራ ፈልጎ ደጃቸው የቆመውን ሁሉ ሥራ አስገቡት። ወርቁ የሚገባው እኛ ቤት ለሠራ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የደመወዝ ማስተካከያው «በጀት ሲዘጋ»፣ «ከበዓሉ በኋላ»፣ «ቦርዱ ሲሰበሰብ» እየተባለ በቀጠሮ ስንመላለስ ነበር የከረምነው።

አዝማሪው ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ኖሯል። የመጀመሪያዋን «ቀጠረው» እንደ ዋዛ አለፋት። ሁለተኛዋን ግን ጎተታት፤ ጎተታትና አለቃችንን ትክ ብሎ እያየ «ቀ…ጠ…ረው» ሲል ማሲንቆዋም አብራው አቃሰተች። ቤቱ ጸጥ አለ። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ሁላችንም የምናየው አንድ ነገር ሆነ፤ የአለቃችንን አፍ።

ሳቁ። ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ እኛም ሳቅን። ሁለት መቶ ብር አወጡና የአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፉለት።

የነገሥታት አጫዋቾችን ታሪክ ማሳደድ የያዝኩት ከዚያች ሌሊት ወዲህ ነው። ስለነሱ የሚነገረው አብዛኛው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ቃጭል የተንጠለጠለበት ቆብ የደፋ፣ ሌላው ሲፈራ እሱ ብቻ ለንጉሡ እውነት የሚናገር ጀግና። እኔ ግን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ከአጫዋቹ ላይ እየተንሸራተተ አዳራሹ ዳር የቆሙት ላይ ያርፍብኛል። የት ገብተው ነው? ምን እያደረጉ ነበር?

(ዓመቶቹን የኛ ነው ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ከሁሉ የወደድኩት የቻይናውን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ613 እስከ 591 ድረስ ቹ በሚባል ግዛት የነገሠው ጁዋንግ የሚሳሳለት ፈረስ ነበረው። ጥልፍ ሐር ያለብሰዋል፣ ያጌጠ አዳራሽ ውስጥ ያሳድረዋል፣ የደረቀ ጣፋጭ ፍሬ ያበላዋል። ፈረሱ ከውፍረቱ የተነሳ ሞተ። ንጉሡም አዘነና እንደ ትልቅ ሹም በድርብ ሣጥን፣ በሙሉ ሥርዓት ይቀበር ብሎ አዘዘ። መኳንንቱ ኧረ ነውር ነው ብለው ተቃወሙ። «ስለ ፈረሴ ዳግመኛ አፉን የከፈተ ይሞታታል» አለ። በዚህ ጊዜ መኳንንቱ አፋቸውን ዘጉ።

ይህን የሰማ ዩ መንግ የሚባል ሰው ነበር። ቁመተ ረዥም፣ ሥራው ሙዚቃ፤ እኛ ዘንድ ቢሆን አዝማሪ የምንለው። ከቤተ መንግሥቱ በር ሲገባ ወደ ሰማይ አንጋጦ ድምፁን ለቆ አለቀሰ። ንጉሡ ደንግጦ ምን ሆንክ ቢለው፣ «ጌታዬ፣ ለዚህ ለሚወዱት ፈረስ የሹም ቀብር? አነሰ እንጂ! ቹን የሚያህል አገር ይዘው? እንደ ንጉሥ ይቀበር። ሣጥኑ ከከበረ ድንጋይ ይፈልፈልለት። ወታደሩ ይቆፍር፣ ሽማግሌውና ደካማው አፈር ይሸከም፣ የጎረቤት መልእክተኞች ከፊትና ከኋላ ይሰለፉ። መታሰቢያ ቤት ይታነጽለት፣ አሥር ሺህ አባወራም ይገብርለት። ያን ጊዜ መሳፍንቱ ሁሉ ጌታዬ ሰውን ንቀው ፈረስን እንደሚያከብሩ ያውቃሉ» አለው።

ንጉሡ፣ «ጥፋቴ ይህን ያህል ነው እንዴ? ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ።

«እንደ ከብት ይቀበር። ምድጃው የውጭ ሣጥን፣ ድስቱ የውስጥ ሣጥን ይሁንለት። ዝንጅብል ጣል ይደረግበት፣ የእሳቱን ነበልባል ይልበስ፤ መቃብሩም የሰው ሆድ ይሁን።»

ፈረሱ ወደ ወጥ ቤት ተላከ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ዩ መንግ «አይሆንም» አላለም፤ «አነሰ» ነው ያለው። ንጉሡ የጀመረውን መንገድ እጁን ይዞ እስከ ጫፉ ወሰደውና ገደሉን አሳየው። የመጨረሻዋን እርምጃ የሚመልሳት ንጉሡ ራሱ ነው። ሌላም አለ፤ ዩ ጃን የሚባል ድንክ አጫዋች። ሁለተኛው የቺን ንጉሠ ነገሥት የከተማውን ግንብ ዙሪያውን በሚያብለጨልጭ ቀለም ላስቀባ ብሎ ተነሳ። ዩ ጃን፣ «ግሩም ነው! እርስዎ ባያነሡት እኔ ላነሣው ነበር። ሕዝቡ ወጪው ይከብደው ይሆናል እንጂ ጠላት ቢመጣ እያዳለጠው አይወጣም። መቀባቱስ ቀላል ነው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ከተማውን በሙሉ የሚያጠልል ዳስ መሥራቱ ነው የሚቸግረው» አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሳቀና ነገሩ ቀረ።

እነዚህን ታሪኮች ያቆየልን ሲማ ቺየን የሚባል የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ነው። በዚያ ግዙፍ የታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ለአጫዋቾች ለብቻቸው አንድ ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል። ሰውዬው ራሱ ምን እንደደረሰበት ካላወቅን የምዕራፉ ነገር አይገባንም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ99 ሊ ሊንግ የሚባል የጦር አዛዥ በጠላት ተማረከ። ንጉሠ ነገሥት ዉ ተቆጣ። ትናንት ሊ ሊንግን ሲያሞግሱ የነበሩት መኳንንት ዛሬ ይዘልፉት ጀመር። ሲማ ቺየን ሲጠየቅ ግን ሰውዬው ቅን ወታደር እንደነበር ቀጥ አድርጎ ተናገረ። በዚህ ምክንያት ተከሶ ተሰለበ። ቅጣቱን በገንዘብ መዋጀት ይቻል ነበር፤ ገንዘብ አልነበረውም። ከወዳጆቹ የደረሰለት፣ ከባለሟሎቹም አንዲት ቃል የተነፈሰለት እንዳልነበረ ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ ላይ ራሱ ጽፎታል።

ቀጥ ብሎ ተናግሮ የተሰለበ ሰው፣ ጠመም ብለው ተናግረው በሳቅ ያመለጡትን ሲጽፍ ምን ይሰማው ይሆን? እኔ ምዕራፉ ውስጥ ቅናት ይሸተኛል። ጥፋቱ ያለው እኔ ዘንድም ሊሆን ይችላል።

ወደ አውሮፓ ስንሻገር የዳር ተመልካቾቹ ይበልጥ ፊታቸው ይለያል። በ1340 ስሎይስ በሚባል ቦታ የእንግሊዝ መርከበኞች የፈረንሳይን የጦር መርከቦች አብዛኛውን ማረኩ፣ አሰጠሙ፤ ሺዎች ባሕር ውስጥ ገብተው አለቁ። ይህን ለንጉሥ ፊሊፕ 6ኛ ማን ይንገረው? ጋሻና ማዕረግ የያዘው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። ዜናውን የነገረው አጫዋቹ እንደሆነ ይተረካል። «ጌታዬ፣ እነዚህ እንግሊዞች ምን ዓይነት ፈሪዎች ናቸው! እንደኛ ጀግኖች ባሕር ውስጥ ዘለው የመግባት እንኳ ወኔ የላቸውም» አለ። ሰው ቀልዱን ያደንቃል። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን አጫዋቹን ከኋላ ገፍተው ያስገቡት ሰዎች ናቸው። መቼም አንድ መኮንን በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንተን ምንም አይልህም» ብሎት ይሆናል።

እንግሊዞቹ ዘንድ ደግሞ የኛን ሰምና ወርቅ የሚያስታውስ ሰው አገኘሁ፤ አርቺባልድ አርምስትሮንግ፣ የቀዳማዊ ጄምስና የቀዳማዊ ቻርልስ አጫዋች። በዘመኑ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊሊያም ላውድ ይባሉ ነበር፤ ስማቸው በእንግሊዝኛ «ምስጋና» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። ሰውዬው ቁመታቸው አጭር ነበር። አርምስትሮንግ ማዕድ ሲባርክ፣ «ታላቅ ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ትንሹ ላውድ ግን ለዲያብሎስ» አለ። ኅብረ ቃሉ እንዴት እንደተቀመጠ እዩልኝ! ቅኔ መምህር ፊት ቢነገር ያስመሰግናል። በ1637 ሊቀ ጳጳሱ ያስጻፉት የጸሎት መጽሐፍ ስኮትላንድ ላይ ረብሻ ሲያስነሣ ደግሞ መንገድ ላይ ጠብቆ «እንግዲህ ሞኙ ማነው?» አላቸው። ይህቺ አላለፈችም። ጉዳዩ በንጉሡ ምክር ቤት ታይቶ የአጫዋችነት ካፖርቱ ተገፎ በ1638 ተባረረ። አርምስትሮንግ ቅዱስ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ገንዘብ ወዳድና ባለጌ እንደነበር ነው የሚነገረው። ላውድ በ1645 አንገታቸው ተቆረጠ፤ እሱ ሀብቱን ይዞ እስከ 1672 ኖረ።

ሰምና ወርቅ ካነሣሁ አንድ ቅሬታ ላስገባ። አለቃ ገብረ ሐናን «የምኒልክ ቤተ መንግሥት ቀልደኛ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። አለቃ ሊቅ ነበሩ። የተክሌ አቋቋም የሚባለው የዝማሜ ስልት የተገኘው ከሳቸው ነው፤ በልጃቸው በተክሌ ስም ተጠርቶ ዛሬም ደብረ ታቦር ይቆምበታል። ነገር አዋቂነታቸው ከቅኔው የፈለቀ እንጂ የእንጀራቸው መብያ አልነበረም። ሥራው ማሳቅ የሆነ ሰው ሌላ፣ አዋቂ ሆኖ የሚያስቅ ሌላ። የመጀመሪያው ንጉሡ ካልሳቀ ራቱ ይቀርበታል።

በዳዊት ላይ «ይብል አብድ በልቡ አልቦ እግዚአብሔር» የምትል ቃል አለች፤ ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል። ግእዙ «አብድ» ሲል እኛ እብድ እንሰማለን። የአውሮፓ መጻሕፍት አስጌጮች እዚህ መዝሙር ላይ ሲደርሱ አጫዋች መሣል ልማዳቸው ነበር። ለእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛ በተጻፈው ዳዊት ላይ ደግሞ ንጉሡ እንደ ዳዊት በገና ይዞ ሲደረድር፣ አጫዋቹ ዊል ሶመርስ ፊቱን አዙሮ ቆሞ ይታያል። ሥዕሉ ደስ ይላል፤ የሄንሪ ሳቅ ግን አይታመንም ነበር። በ1535 አንድ አጫዋች ንጉሡ የፈታትን ንግሥትና ልጇን አሞግሶ አዲሲቱን አን ቦሊንን ቢሰድብ፣ ሄንሪ በገዛ እጁ ሊገድለው ምንም እንዳልቀረው የዘመኑ አምባሳደር ለጌታው ጽፏል። አጫዋች እንደ ልቡ የመናገር ፈቃድ አለው የሚባለው ነገር ያን ያህል ብቻ ነበር፤ ጌታው እስከ ወደደ።

የማያስቀውንም አለማንሣት አይቻልም። ሩሲያ ውስጥ እቴጌ አና ልዑል ሚኻይል ጎሊትሲንን፣ የካቶሊክ ሃይማኖት ተቀበልክ ብላ አጫዋች አደረገችው። በ1740 ክረምት ላይ ደግሞ በፒተርስበርግ ከበረዶ ብቻ ቤት አሠርታ፣ አልጋውም ትራሱም በረዶ የሆነ፣ ከአንዲት የቤቷ አገልጋይ ጋር አጋብታ እዚያ ውስጥ አሳደረቻቸው። በር ላይ ዘብ ቆሟል። ሠርገኛው ሁሉ በደስታ አጅቧቸዋል።

በዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኘውን የስታንቺክን ሥዕል እኔ ያየሁት በስልኬ ነው፤ ጣቴን እያንሸራተትኩ አንድ ሌሊት ሙሉ። ስታንቺክ ለሦስት የፖላንድ ነገሥታት ያገለገለ አጫዋች ነው። ስለሱ ከሚነገረው የድቡን እወዳለሁ። ንጉሥ ዚግሙንት ለአደን ሲል ትልቅ ድብ ከሩቅ አስመጥቶ ጫካ ውስጥ አስለቀቀ። ድቡ ሰው ላይ ተነሣ፤ ንግሥት ቦና ከፈረስ ወድቃ ጽንሷ ወረደ። ንጉሡ ስታንቺክን እንደ ፈሪ ሸሸህ ብሎ ሲቆጣው፣ «ከታሰረበት ድብ አውጥቶ የሚለቅ ይብሳል» አለው። ሥዕሉን የሠራው ያን ማቴይኮ ሲሆን ጊዜው 1862 ነው። አጫዋቹ ቀይ ልብሱን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተዘፍዝፎ ብቻውን ተቀምጧል፣ እጆቹ ተቆላልፈዋል። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ደብዳቤ አለ፤ ስሞሌንስክ በሩሲያውያን እጅ መውደቋን የሚያረዳ። በስተጀርባው በር ተከፍቶ ጭፈራ ይታያል። የሚጨፍሩት ደብዳቤውን አላነበቡ ይሆናል። አንብበውም ይሆናል።

ፈረንሳዮች ስለ ትሪቡሌ የሚሉት ተረት አላቸው። ንጉሥ ፍራንሷ ሞት ፈርዶበት «በምን መሞት እንደምትፈልግ ምረጥ» ቢለው፣ «በእርጅና» ብሎ አመለጠ ይላሉ። ያምራል። እኛ ዘንድ ግን የዚሁ ተገልባጭ አለ።

በኛ አቆጣጠር ኅዳር 1845 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ጉር አምባ ላይ ሊገጥም ነው። ገና ቴዎድሮስ አልተባለም። ከጦርነቱ በፊት የደጃዝማች ጎሹ አዝማሪ ሠራዊቱ ፊት ወጥቶ «ያንጓብባል እንጂ መች ይዋጋል ካሣ» እያለ ዘፈነ። የጌታው ጦር እንዴት እንደሳቀ መገመት አያቅትም፤ በዚያ ሳቅ ውስጥ ጋሻ የያዘው ሁሉ አብሮ ተሳድቧል። ጦርነቱን ካሣ አሸነፈ። ጎሹ ሞቱ። የሳቁትም ከፊሉ ሸሸ፣ ከፊሉ ገባ። አዝማሪው ተይዞ ቀረበ። እንዴት ብለህ ሰደብከኝ ሲባል መልሱን በግጥም ሰጠ ይባላል፤ መጨረሻዋ «ሽመል ይገባዋል የአዝማሪ ቀልባጣ» የምትል። ምሕረት በሳቅ ይመጣል ብሎ ነበር መሰለኝ። እንደ ትሪቡሌ ሞቱን ራሱ መረጠ፤ ካሣ ግን አልሳቀም። በራሱ ፍርድ መሠረት በሽመል ተመታ፤ በዚያው ሞተ። ሠራዊቱ ፊት ሲስቁ ከነበሩት አንዱ እንኳ «እኔም አጨብጭቤ ነበር» እንዳለ የሚናገር ተራኪ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ካዛንቺስ ልመለስ፤ መቼም ሽሽቱ ረዘመ።

ሰኞ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አለቃችንን አገኘኋቸው። ቡና ይዘዋል። ሰላም ብለውኝ ካለፉ በኋላ ዞር አሉና፣

«እኔ የምልህ፣ ያቺ ግጥም የማን ናት?» አሉኝ።

ፈገግ ብለዋል። አፋቸውን አየሁት፤ እንደዚያች ሌሊት። ሳቅ ይሁን ሌላ መለየት አቃተኝ።

«የአዝማሪው ናት ጋሼ» አልኩ። «እነሱ እኮ አያቅታቸውም።»

«እህ» አሉ፤ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ወደዚያ ቤት ዝር አላልኩም። ምክንያቴ ብዙ ነበር፤ ሥራ፣ ዝናብ፣ የጠጁ ዋጋ። የደመወዝ ማስተካከያው ወደ ሰኔ ተቀጠረ፤ ሰኔም አለፈ። በኋላ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ሁለት ጓደኞቼ ጎትተው ወሰዱኝ። ቤቱ ግማሹ ባዶ ነበር። አዝማሪው ገና ከበር ሲያየኝ አወቀኝ። ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ ጋደም አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ጠፉ እኮ። ያ ጌታዎ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ያን ዕለት ሲወጡ በር ላይ ይዘውኝ ነበር እኮ። ግጥሟን ማን ሰጠህ አሉኝ።»

ብርሌዬን አስቀመጥኩ። «ምን አልካቸው?»

«የኔ ናት አልኳቸዋ!» አለ፤ ቀስቱን ሙጫ እያስነካ። «ታዲያ ምን ያደርጉኛል? እኔን እንደሁ አልቀጠሩኝ።»

ተነሥቶ ማሲንቆውን ቃኘና ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። እዚያ «ተቀበል!» የሚል ሰው ነበር።